እምቢልታ ለብቻው ዜማ አይሆንም



በዚህ ጽሑፋችን ልናስተነትን የወደድነው በአንድ ማኅበር ውስጥ ረጅም ዘመን አብረው የቆዩ ሰዎችን ወዳጅነት ነው። ምሳሌ አድርገን የምንወስደውም ከበሮ እየመቱና መለከት እየነፉ አብረው የሚሰለፉትን ሰዎች ነው። ምሳሌው ለመንፈሳዊ ትምህርት እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ ሕዝበ እግዚአብሔር የሚሰበሰብበትን፣ ከሰፈሩ የሚነሣበትንና በዓሉን የሚያከብርበትን ጊዜ ሲነግረን መለከትን ደጋግሞ ይጠቅሳል። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 10 እንደምናነበው፣ እግዚአብሔር ሙሴን ሁለት የብር መለከቶች እንዲያሠራ አዝዞታል። አንዱ ብቻ ሲነፋ አለቆቹ ይመጡ ነበር፤ ሁለቱም አብረው ሲነፉ ግን ማኅበሩ ሁሉ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ይሰበሰብ ነበር። ሕዝቡን ሁሉ ለመጥራት ሁለት ነፊዎች መስማማት ነበረባቸው ማለት ነው።

ለአሳባችን መሠረት የሚሆነን ግን በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 የተጻፈው ታሪክ ነው። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ እንደገና ለመሥራት መሠረቱን በጣለ ጊዜ፣ ካህናቱ ልብሰ ክህነታቸውን ለብሰው መለከት ይዘው ቆሙ፤ ከአሳፍ ወገን የሆኑት ሌዋውያንም ጽናጽል ይዘው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። በዚያን ጊዜ የፊተኛውን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ፤ ሌሎች ብዙዎች ደግሞ በደስታ እልል አሉ። ድምፁ እስከ ሩቅ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ሆኖም የልቅሶውን ድምፅ ከእልልታው ድምፅ ሊለይ የቻለ ሰው አልነበረም።

መጽሐፉ ሽማግሌዎቹን ስለ ልቅሶአቸው፣ ሌሎቹንም ስለ እልልታቸው አይወቅስም። ሽማግሌዎቹ አዲሱ ቤት እንደ ቀድሞው አይሆንም ብለው በየቤታቸው አልቀሩም፤ መጥተው በመሠረቱ አጠገብ ቆሙ። ደስ ያላቸውም የሽማግሌዎቹ ልቅሶ በዓላችንን አበላሸብን ብለው ከመካከላቸው አላስወጧቸውም። እንግዲህ በማኅበሮቻችን፣ በመዘምራን ጓዶቻችን፣ በቁምስናዎቻችን የቆየው ሰው ትዝታና የአዲሱ አባል ደስታ በአንድ ስፍራ እንዲህ አብረው ሊሰሙ ይችላሉን? ዛሬ ራሳችንን እንድንጠይቅ የምንወደው ይህንን ነው።

ለእያንዳንዱ የተሰጠው ድምፅ

በአገራችን ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ ከጥንት ጀምሮ በነገሥታትና በመሳፍንት ፊት የሚሰሙ የክብር መሣሪያዎች ነበሩ። ነጋሪት አዋጅ ሲነገርና ሠራዊት ሲንቀሳቀስ ይጎሰም ነበር። መለከት ረጅም፣ በቆዳ የተለበጠ የሸምበቆ ጥሩንባ ነው። እምቢልታ ደግሞ እንደ ዋሽንት የሚነፋ፣ ነገር ግን ከዋሽንት የሚረዝምና በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የሌለው መሣሪያ ነው።

የእምቢልታን አነፋፍ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ትልቅ ትምህርት ያገኝበታል። ብዙውን ጊዜ የሚነፉት 3 ሰዎች ሆነው ነው። የእያንዳንዱ እምቢልታ ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ሰው ለብቻው ቢነፋ የሚሰማው ያው አንድ ድምፅ ስለ ሆነ ዜማ ሊባል አይችልም። ዜማው የሚወለደው ሦስቱ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲነፋ ሌላው እየጠበቀ፣ ሌላው ሲተው ሦስተኛው እየተቀበለ ሲሄዱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል፣ የቀሩት ሁለቱ የቱንም ያህል ቢበረቱ ባዶ የሆነው ስፍራ ይታወቃል።

ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 12 ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ብልቶች ያስተማረው ይህንኑ ነው። ዓይን እጅን አታስፈልገኝም ሊላት አይችልም። እንደዚሁም ከእምቢልተኞች መካከል ሙሉውን ዜማ ብቻውን የያዘ ስለ ሌለ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚመካበት ምክንያት የለውም። ድምፄ አንድ ብቻ ናትና ብቀር ምን ይጎድላል የሚል ቢኖርም ተሳስቷል፤ የእርሱን ድምፅ የሚያወጣ ሌላ መሣሪያ በዚያ የለምና።

የረጅም ዘመን ጓደኝነትም ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል። ተራውን ጠብቆ መንፋት በአንድ ቀን ልምምድ አይገኝም። አንዱ የሌላውን አተነፋፈስ ማወቅ፣ ሲደክም መረዳት፣ ሲቸኩል መታገሥ ያስፈልገዋል። ይህን የመሰለ መተዋወቅ በዓመታት እንጂ በችሎታ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ በማኅበር ውስጥ 20 እና 30 ዓመት የቆየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያመጣው ሀብት ወንድሙን ማወቁ ነው። ማን በምን እንደሚያዝን፣ ማን በደከመው ጊዜ ዝም እንደሚል፣ ማን በችግሩ ጊዜ እንደማይጠይቅ ያውቃል። ይህ እውቀት ለፍቅር ከዋለ ማኅበሩን ያጸናል፤ ለሐሜት ከዋለ ግን ያፈርሰዋል።

በቤተ ክርስቲያናችን የምንጠቀምበት ከበሮም ይህንኑ ያስተምረናል። አባቶች የከበሮውን ሰፊ አፍ በመለኮት፣ ጠባቡን አፍ በትስብእት ይመስሉታል፤ በዙሪያው የተጠላለፈውን ጠፍር ደግሞ በጌታችን ሥጋ ላይ ባረፈው የግርፋት ሰንበር ይመስሉታል። እነዚያ ጠፍሮች እርስ በርሳቸው ተሳስበው ሁለቱን ቆዳ ይወጥራሉ። ጠፍሮቹ ከላሉ የከበሮው ድምፅ ይደክማል። ከበሮ የሚመታ ወጣት ይህን ትርጓሜ ቢማር፣ የሚመታው የበዓል ማድመቂያ ብቻ እንዳይደለ፣ የማኅበሩም ድምፅ በክርስቶስ ሕማም የተወጠረ እንደ ሆነ ይረዳል።

ቤት ያጡ ልጆች ያገኙት ወንድማማችነት

ወዳጅነት በምቾት ጊዜ ብቻ የሚበቅል አይደለም። በአገራችን የነሐስ መሣሪያ የማርሽ ሙዚቃ ካደገባቸው ምክንያቶች አንዱ ከታላቅ ሐዘን የተነሣ ነው። ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ በደረሰው እልቂት እጅግ ብዙ ሕፃናት ያለ አባትና ያለ እናት ቀሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም ተጠግተው አደጉ፤ በዚያም የነሐስ መሣሪያ መንፋት ተማሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ የእነዚህን ልጆች ሙዚቃ ሰምተው ተደነቁ። ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀውም 40ውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በታሪካችን «አርባ ልጆች» ተብለው የታወቁት እነዚህ ናቸው።

መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። እርሱ ዜማውን የደረሰው፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፈው መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የዘውድ በዓል ተሰማ፤ ንጉሣዊው ሥርዓት እስካበቃበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ አገልግሏል። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተምሯል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። የመጀመሪያው ማኅበር ቤት ላጣ ሰው ቤት ሊሆነው መቻሉ ነው። እነዚያ ልጆች ወላጆቻቸውን፣ ርስታቸውንና የትውልድ መንደራቸውን አጥተዋል። በማርሽ ባንድ ውስጥ ግን ለእያንዳንዱ የተመደበ ቦታ፣ የሚጠበቅበት ሥራ፣ በቀኙና በግራው የሚቆም ወንድም ነበረው። ያዘነን ልጅ ሁልጊዜ በቃል ማጽናናት አይቻልም፤ ና፣ ቦታህ ይህ ነው፣ ያለ አንተ አንጀምርም ማለት ግን ይቻላል።

ሁለተኛው የስማቸው ነገር ነው። ከልጅነት ዕድሜ ካለፉ፣ የመጡበት ውል ካበቃና አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ከሄዱ በኋላም «አርባ ልጆች» መባላቸው አልቀረም። አገር የሚያስታውሳቸው በአንድ ስም ነው። እኛም በጥምቀት «ክርስቲያን» የሚል አንድ ስም ተቀብለናል። ይህን ስም ማንም ለብቻው የሚይዘው አይደለም። ስሙ ሲከበር ሁላችን እንከበራለን፤ አንዱ ሲያስነቅፈው የሁላችን ስም ይነቀፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለአንዱ የሚከብደው ሐዘን በብዙዎች ሲያዝ ይቀላል።

ከሰልፍ ወጥተው ወደ ሰልፍ የተመለሱ

ከአገራችን ውጭም ከዚሁ የሚመሳሰል ታሪክ አለ፤ ካቶሊካውያን ቁምስናዎችም ተካፋይ ሆነውበታል። በ1918 እ.ኤ.አ. አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በአሜሪካ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ማኅበራት የከበሮና የጥሩንባ ጓዶችን አቋቋሙ። ቁምስናዎችም ወጣቶቻቸውን በመልካም ሥነ ሥርዓት ለማሳደግ ይህንኑ ተከተሉ። በኒው ጀርዚ ክፍለ ግዛት፣ በኒዋርክ ከተማ የቅዱስ ቁርባን ቁምስና፣ በቤዮን ከተማም የቅዱስ ቪንሰንት ቁምስና ጓዶች በዘመናቸው ስመ ጥር ነበሩ።

የጥንቱ የወታደር ጥሩንባ እንደ ዘመናዊው ትራምፔት ድምፅ የሚቀያየርበት ቁልፍ አልነበረውም። ነፊው በከንፈሩና በትንፋሹ ብቻ የሚያወጣቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ እንደ እኛ እምቢልታ ሁሉ የአንዱን ጉድለት የሌላው ድምፅ ይሞላው ነበር። የወጣቶቹ ጓድ አባላት 21 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ይሰናበታሉ፤ ወደ ሥራ፣ ወደ ትዳር፣ ወደ ውትድርና ይሄዳሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን አያሌዎቹ ተፈላልገው «የቀድሞ አባላት ጓድ» አቋቁመዋል። ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ልጆችና የልጅ ልጆች አፍርተው፣ በወጣትነታቸው የነፉትን ማርሽ እንደገና ለመንፋት በልምምድ ቀን ይገናኛሉ።

ወደ ሰልፍ የሚመለስ ሽማግሌ የሚያጋጥመውን እናስብ። ጥሩንባ የሚነፋ ከንፈር ካልሠራ ይደክማል፤ ከ30 ዓመት በፊት የነፋው ዜማ ዛሬ ድምፅ አያወጣለትም። ስለዚህ እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው ልምምድ ይነሣል። በዕድሜ የሚያንሰው መሪ ሲያርመው ይታዘዛል። ትልቁን ከበሮ መሸከም ያቃተው ትንሹን ይይዛል፤ መራመድ የከበደው ቆሞ ይነፋል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰንደቅ ይይዛል። ያለፈ አገልግሎቱ ክብር ቢሆነውም የዛሬውን ድምፅ አያወጣለትም፤ ዛሬ የሚሰማው ዛሬ የሚነፋው ነው።

የተወደዳችሁ፣ እዚህ ላይ በማኅበር ለቆየን ሁሉ የተዘጋጀ ፈተና አለ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅ በተናገረው ምሳሌ ውስጥ ታላቁ ልጅ የቤቱ የቆየ አባል ነው። ብዙ ዓመት አገልግሏል፤ ከአባቱ ቤት አልወጣም። ከእርሻ ሲመለስ ግን ወደ ቤቱ እንደ ቀረበ የሙዚቃና የዘፈን ድምፅ ሰማ፤ ምን እንደ ሆነም አገልጋዩን ጠየቀ። ወንድሙ መመለሱን ሲያውቅ ተቈጣ፤ ሊገባም አልወደደም። በገዛ ቤቱ ሙዚቃ ሲሰማ በደጅ ቆሞ የቀረው ከቤት ወጥቶ የማያውቀው ልጅ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ደግሞ በወይኑ ስፍራ ከማለዳ ጀምረው የሠሩት በ11ኛው ሰዓት የመጡት እኩል ዋጋ በማግኘታቸው አጕረመረሙ።

የብዙ ዘመን አገልግሎት ወደ ፍቅር ካላደረሰን ወደ ሒሳብ ያደርሰናል። እኛ ስንመሠርተው እናንተ የት ነበራችሁ ማለት፣ የመዝሙሩን መጽሐፍና የመጋዘኑን ቁልፍ እንደ ርስት መያዝ፣ አዲስ የመጣ ወጣት በተሳሳተ ቁጥር መሳቅ፣ ይህ ሁሉ የታላቁን ልጅ ቁጣ ይመስላል። አባቱ ግን ታላቁን ልጅም አልተወውም፤ ወደ ደጅ ወጥቶ ለመነው። እግዚአብሔር የተመለሰውን ለመቀበል እንደ ሮጠ ሁሉ የቆየውንም ለማስገባት ይወጣል።

ወጣቶችም የሚማሩት አላቸው። አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ዜማና አዲስ አሠራር ማምጣት መልካም ነው፤ ሆኖም ሽማግሌውን ዘመን አልፎበታል ብሎ ከሰልፉ ጠርዝ ማቆም የማኅበሩን ትዝታ መቁረጥ ነው። በመሠረቱ ላይ ያለቀሱት ሽማግሌዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ የፊተኛው ቤት ምን ይመስል እንደ ነበረ ለአናጢዎቹ አይቼዋለሁ ብሎ የሚነግር ማን ነበር?

በጀውሃና በይፋት ቆላ

አሁን ነገራችንን ወደ ገዛ መንደራችን እናምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ ከዚያም በጀውሃና በሰንበቴ አድርጎ ወደ አጣዬ ያልፋል። በዚህ ቆላ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አማራና ኦሮሞ፣ አርጎባና አፋር በመንገድና በገበያ ይገናኛሉ። ወደ ሰንበቴ የእሑድ ገበያ ደገኛው ከላይ፣ ቆለኛው ከታች ይመጣል። በዚህ አገር ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በስሙ ብቻ አይደለም፤ በከብቱ፣ በእርሻውና በለቅሶው ቀን በመምጣቱም ጭምር ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ግን በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ አካባቢ በደረሰው ግጭትና ጦርነት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ተፈናቀሉ። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ ከሚቃጠለው ቤት ጋር በዓይን የማይታይ ሌላም ነገር ይፈርሳል። አብሮ ማኅበር የሚጠጣው፣ በደቦ አብሮ የሚያጭደው፣ በአንድ መዝሙር ቤት የሚቆመው ሰው ይበተናል። አንዱ ዘመድ ወዳለበት ይሄዳል፤ አንዱ በከተማ የቀን ሥራ ይፈልጋል፤ አንዱ ተመልሶ ጎረቤቱን ለማየት ይፈራል።

ለእንዲህ ያለ ጊዜ መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 4 ብርሃን ይሰጠናል። የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩት ሰዎች በርዝመቱ ተበታትነው፣ አንዱ ከሌላው ርቆ ይሠራ ነበር። ነህምያ መለከት ነፊውን በአጠገቡ አቆመ፤ የመለከቱን ድምፅ ወደምትሰሙበት ተሰብሰቡ ብሎም ሁሉን አዘዘ። መራራቃቸው ሥራቸው ያመጣው ስለ ነበር አልነቀፈውም፤ ነገር ግን ሲጠሩ የሚሰማ ድምፅ እንዲኖር አደረገ። በተበተነ ማኅበር ውስጥ የመጀመሪያው አገልግሎት መጥራት ነው።

ይህን አገልግሎት ሕዝባችን ከጥንት ያውቀዋል። የዕድር ጥሩንባ ነፊ ሌሊት ተነሥቶ በየሠፈሩ እየዞረ የሞተውን ሰው ያስታውቃል። ጥሩንባው ሲሰማ ሰው ሥራውን ትቶ ይነሣል፤ ድንኳን የሚተክል ይተክላል፤ መቃብር የሚቆፍር ይቆፍራል። የተጣላ እንኳ ለዚያ ቀን ጠቡን ትቶ ይመጣል። ያች ጥሩንባ ዜማ የላትም፤ ነገር ግን የምትለውን የማይረዳ የለም፤ ወንድምህ ብቻውን አይደለም ትላለች።

ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ ልንናገር ይገባናል። ያው ነጋሪት በአንድ ወቅት ለሰላም አዋጅ፣ በሌላ ወቅት ለክተት ይጎሰም ነበር። አብሮ የቆየ ጓድ ለመልካም እንደሚሰለፍ ሁሉ ለበቀልም ሊሰለፍ ይችላል። ጓደኝነት በራሱ ቅዱስ አይደለም። የእኛ ሰው የሚለው ቃል አጥር ሲሆን፣ የሟቻችንን ስም የምንጠራው የሌላውን ለማስገደል ሲሆን፣ ያ ማኅበር መለከቱን ለጠላት ሰጥቷል። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 14 የመለከቱ ድምፅ ካልተለየ ማን ይዘጋጃል ሲል እንዳስተማረው፣ የማኅበራችን ድምፅ ወደ ምን እንደሚጠራ ለሰሚው ሁሉ የታወቀ መሆን አለበት። የክርስቲያን ጓድ ድምፅ ጎረቤት የሆነው ሙስሊምም፣ ቋንቋው የተለየ ወንድምም ሲሰማው የማይደነግጥበት፣ እንዲያውም ሲቸግረው የሚፈልገው ድምፅ መሆን አለበት።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የምንመክረው

እንግዲህ በየቦታችሁ ልትፈጽሙት የሚቻላችሁን ጥቂት ነገር እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ የአባላትን መዝገብ ክፈቱ። በቅርብ ያሉትን ብቻ ሳይሆን የራቁትን፣ የተፈናቀሉትን፣ በሕመም የቀሩትን በየስማቸው ጻፉ፤ በጸሎት ጊዜም አንብቡላቸው። ለእያንዳንዱ ስም ስልክ የሚደውል ወይም በእግሩ ሄዶ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመደብለት። የተረሳ ሰው ራሱ አይመለስም፤ የሚጠራው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ለቆዩት አባላት የክብር ወንበር ብቻ አትስጧቸው፤ ሥራም ስጧቸው። ድምፁ የደከመው አዛውንት የቆየውን ዜማ ለልጆች ሊያስጠና ይችላል። ዓይኗ የደከመው እናት የታመመ ሰው ለመጠየቅ፣ የተጣሉትን ለማስታረቅ አልደከመችም። ሰው በማኅበሩ የሚቆየው በክብር ስለ ተቀመጠ ብቻ አይደለም፤ ስለሚያስፈልግም ነው።

ሦስተኛ፣ አዲስ የመጣውን ልጅ በሁለት ነባር አባላት መካከል አቁሙት። በዕድሜ እኩያ የሆኑት ሁሉ በአንድ ወገን ሲቆሙ ማኅበሩ ሁለት ይሆናል። በአዛውንት አጠገብ የቆመ ወጣት መታገሥን ይማራል፤ በወጣት አጠገብ የቆመ አዛውንትም ተስፋን ያገኛል።

አራተኛ፣ የመገናኛ ቀናችሁ አይለወጥ። ብዙ ማኅበር የፈረሰው በጠብ አይደለም፤ ዛሬ ይቅር፣ ለሚቀጥለው ወር እንያዘው በማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ብትገኙም ጸልዩ፣ ዘምሩ፤ ሌሎቹ ሲመለሱ የሚገቡበት ቤት ክፍት ሆኖ ይቆያቸው።

አምስተኛ፣ ከጎረቤት ጋር የሚደረገውን የለቅሶና የደስታ መጠያየቅ አታቋርጡ። ተቋርጦ ከሆነም የመጀመሪያውን እርምጃ ሌላው እንዲያደርግ አትጠብቁ። የታረቁ ሁለት ጎረቤቶች ከብዙ ስብከት ይልቅ ለልጆች ትምህርት ይሆናሉ።

ባዶ የሆነው ቦታ

በማኅበር ረጅም ዘመን የቆየ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በአጠገቡ ይቆም የነበረውን ወንድም ሲያጣ ይኖራል። ከሦስቱ እምቢልተኞች አንዱ ሲሞት የቀሩት ሁለቱ በየት በኩል ድምፁ እንደ ጎደለ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ማድረግ ይገባል። አንዱ ስለ ሟቹ መጸለይ ነው። ቤተ ክርስቲያን በመሥዋዕተ ቅዳሴ ሙታንን የምታስበው በቅዱሳን ሱታፌ ስለምታምን ነው፤ ከዚህ ዓለም የተለዩን ወንድሞቻችን ከማኅበራችን አልወጡም። ሁለተኛው የእርሱን ድምፅ ለሌላ ማስተማር ነው። ስለዚህ አዛውንቶች ሆይ፣ የያዛችሁትን ዜማ፣ የያዛችሁትን ታሪክ፣ የያዛችሁትን የማስታረቅ ጥበብ ለብቻችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፤ በሕይወት ሳላችሁ ለአንድ ልጅ አስረክቡ። ወጣቶች ሆይ፣ ሳይመሽ ቀርባችሁ ጠይቋቸው።

በመጨረሻው ቀን መለከት እንደሚነፋና ሙታን የማይበሰብሱ ሆነው እንደሚነሡ ሐዋርያው አስተምሮናል። ያች መለከት ሁሉን ትጠራለች፤ በዚህ ዓለም በሞት፣ በስደትና በጠብ የተለያዩትን ታገናኛለች። በዚያን ቀን በአንድ ሰልፍ ልንቆም የምንመኝ ከሆነ፣ ዛሬ በአጠገባችን የቆመውን ወንድም መስማት እንጀምር። ከኢየሩሳሌም የመጡትን ወላጅ አልባ ልጆች በባዕድ አገር ቦታ የሰጣቸው አምላክ፣ በይፋት ቆላ የተበተኑትን ሰብስቦ፣ የተቃጠለውን አሳድሶ፣ የሽማግሌውን ልቅሶና የወጣቱን እልልታ እንደ አንድ ምስጋና ይቀበልልን።

የእግዚአብሔር የአብ ፍቅር፣ የወልድ ቸርነት፣ የመንፈስ ቅዱስ አንድነት ከሁላችሁ ጋር ይሁን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።